ቀዳዳ የሌለው ስልክ

እትዬ ማዞሪያ አዲሱን ስልክ ከላይ አዩት፣ ከታች አዩት፣ ጎንና ጎኑን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ ቀዳዳ የለውም። ለቻርጀር የምትሆን አንዲት ጠፍጣፋ አፍ ከሥሩ አለችው፤ ከእሷ ሌላ ዙሪያውን ልሙጥ ነው፣ ብዙ እጅ እንደታጠበበት ሳሙና። ልጃቸው ቁርሱን ሳይጨርስ ከቦርሳው አውጥቶ ከሻይ ብርጭቋቸው አጠገብ ሲያስቀምጠው ስጦታ የሚሰጥ ሰው አይመስልም ነበር፤ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነበር። የድሮው ባትሪው እንደደከመ፣ ይሄኛው ፊቱ ሰፊ ስለሆነ ለዓይን እንደሚሻል፣ ሌላም ሌላም ነገር ተናገረ። ከዚያ የድሮውን ስልክ አነሳ። የማዳመጫውን ሽቦ ከነጫፉ ቀስ ብሎ ነቀለው፣ ጠቅልሎ ዳቦው አጠገብ አኖረው፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ፎቶዎቹን አሻግሬልሽ እመልሰዋለሁ አለ። እትዬ ማዞሪያ ፊቱን አጠኑት። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ያስፈራቸውም ይኸው ምንም አለመኖሩ ነው፤ እሳቸው ያሳደጉት ልጅ ትንሽ ነገር ሲደብቅ ጆሮው ይቀላል፣ ትልቅ ነገር ሲደብቅ ግን ፊቱ እንደዚህ ባዶ ይሆናል።

"ማዳመጫውስ የት ይሰካል?" አሉ፣ ድምፃቸውን ተራ አስመስለው።

"ቀዳዳ ቀርቷል፣ እማዬ። አሁን ሁሉም ያለ ሽቦ ነው።"

ምራታቸው ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ የልጇን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። ቤቱ ውስጥ ዋጋ ሳይጠራ የሚያልፍ ነገር የለምና ጠየቀች፤ ሲነግራት ካውያውን አቆመችው። በዚህ ገንዘብ ሳሎኑ ሁለት ጊዜ ቀለም ይቀባ እንደነበር፣ የእናቱ ጡረታ ሦስት ወር ተጠራቅሞ እንደማይደርስበት፣ ያው የድሮው ምን እንደጎደለው እስካሁን እንዳልገባት፣ ሁሉንም ለካውያው እንደምትነግር አድርጋ ነገረችው። እሱ ጫማውን እያሰረ "ቀን ደውዬ እነግርሻለሁ" አላት። "እንግዲህ ማዳመጫ ደግሞ እንዳትገዛ" አለችው፤ "መሥሪያ ቤት አዲስ ሰጥቶኝ የለ? የኔ አሮጌው ይበቃቸዋል።" ከዚያ ሁሉም ወጡ፤ ልጅቷ ወደ ትምህርት ቤቷ፣ ባልና ሚስት ወደ ሥራቸው። ሳሎኑ ውስጥ እትዬ ማዞሪያና ጫፉ የትም ያልተሰካ ነጭ ሽቦ ቀሩ።

ሰፈሩ እትዬ ማዞሪያ የሚላቸው በሠሩበት ሥራ ነው። ስልክ በሰው እጅ ይገናኝ በነበረበት ዘመን ማዞሪያ ቤት ተቀምጠው፣ ባለ ብረት ማዳመጫ ራሳቸው ላይ ደፍተው፣ ገመድ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው እየሰኩ ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ኖረዋል። መስመሩ ሲያያዝ "ተገናኝተዋል፣ ይነጋገሩ" ይሉና ይወጣሉ፤ መውጣት ነበረባቸው ማለት ይሻላል። አለቃቸው የነበሩት ሴትዮ መቼም ሰው ሰው ነውና ልጃገረዶቹ እንደማይወጡ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ሕግ ብቻ አስተማሯቸው። መስመር ላይ የምትተነፍስ ኦፕሬተር ነገ እቤቷ ቁጭ ብላ ትተነፍሳለች፣ አሏቸው። እትዬ ማዞሪያ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ፊታቸውን እንደተዘጋ በር አድርገው፣ ስንቱን ሠርግ ከጠሪው በፊት፣ ስንቱን መርዶ ከሟች ቤተሰብ በፊት ሰምተው፣ አንድም ቀን ሳይያዙ በክብር ጡረታ ወጡ። ማዞሪያ ቤቱ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሲሆን ሙያቸውም አብሮ የተቀበረ መስሏቸው ነበር።

አለመቀበሩን ያወቁት እዚሁ ሳሎን ውስጥ ነው። ባላቸው ካረፉ፣ ቤታቸውም ተሽጦ ለዚህ አፓርታማ መግዣ ከሆነ በኋላ ልጃቸው ጋ ገቡ፤ ከሰዓት ከሰዓት መስኮቱ ሥር ባለችው ወንበር ተቀምጠው ከስልካቸው ሬዲዮ ትረካ ማዳመጥ ለመዱ። አንድ ቀን በትረካው ውስጥ ባልየው ሚስቱን ሊገድል ቢላ ፍለጋ በተነሳበት ቦታ ላይ ባትሪው አለቀ። ሽቦውን ከጆሯቸው ሳያወጡ፣ ቢላውን አገኘው ወይስ አላገኘውም እያሉ ሲያስቡ፣ ምራታቸው ለልጃቸው "ዛሬም መጥበሻውን አሳርረውታል" ስትል ሰሙ። ልጃቸው በዓይኑ ወደ እናቱ ጠቆማት። "ተዋቸው፣ ሰክተዋል፤ አይሰሙም" አለች። በማግስቱ እትዬ ማዞሪያ መጥበሻ አልነኩም። ምራታቸው ተገረመች፣ ደስም አላት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የእሳቸው ጆሮ ባዳነቱን ትቶ የቅርብ ዘመድ ሆነላቸው። ሁለቱን ፍሬ ጆሯቸው ውስጥ ያስገባሉ፣ ሽቦውን ሰው ሁሉ እንዲያየው ደረታቸው ላይ ይለቁታል፣ ጫፉን ስልኩ ላይ ይሰኩና ስልኩን ያጠፉታል። አልፎ አልፎ ትረካው እንደጣመው ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቤተሰቡም ያ ነጭ ሽቦ ከታየ በመሐል መጋረጃ እንደወረደ ቆጥሮ ሆዱን ይፈታል።

ለክፋት አልነበረም። በሰው ቤት የሚኖር ሰው፣ የገዛ ልጁም ቤት ቢሆን፣ መቼ መነሳት መቼ መቀመጥ እንዳለበት ፊት ለፊት የሚነግረው የለም። እሳቸው በሽቦው ይሰሙና ሳይነገራቸው ያስተካክሉታል። መታጠቢያ ቤት እንደሚቆዩ ሰሙ፤ አሳጠሩ። ስለ ባላቸው ህመም አንዱን ታሪክ ደጋግመው እንደሚያወሩ ሰሙ፤ ታሪኩን ጣሉት። ምራታቸው መሥሪያ ቤት ተሰድባ ያለቀሰች ዕለት፣ ጠዋት ምንም እንደማያውቁ ሆነው ጫማዋን ቀለም ቀቡላት። ነገር ግን ሰሞኑን ሽቦው የሚያመጣው ወሬ ሊያስተካክሉት የሚችሉት ዓይነት አልነበረም። "ቦታው" የሚባል ነገር መጣ። ቦታው መጀመሪያ ሲመጣ የአትክልት ሥፍራ ብቻ ነበረው፤ ቀጥሎ ነርስ ተጨመረበት፤ ከዚያ ለሁለት አንድ ክፍል፤ ከዚያ ደግሞ እሑድ እሑድ መጠየቅ ይቻላል ተባለ። ሁልጊዜ የምትናገረው ምራታቸው ናት። ልጃቸው ዝም ይላል። እትዬ ማዞሪያ ያንን ዝምታ ለራሳቸው ቆጥረውት ነበር፤ ልጄ አልፈቀደም ማለት ነው፣ ቢፈቅድ እሺ ይላት ነበር እያሉ ይተኛሉ። ትናንት ከራት በኋላ ግን ምራታቸው ሳህኑን እያነሳች፣ ከወሩ መጨረሻ በፊት ካልገቡ ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጡት ተናገረች። ልጃቸው አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት ትንሿ ልጅ እርሳሷ ተሰብሮ እያለቀሰች ገባች፤ ከተከፈተው አፍ ምን እንደሚወጣ ሳይታወቅ ቀረ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቀዳዳ የሌለው ስልክ መጣ።

ወይ አውቆብኛል ወይ አላወቀብኝም፣ አሉ ለራሳቸው ደረጃውን ሲወርዱ። ካላወቀብኝ ደግ ልጅ ነው። ካወቀብኝ ግን ምን አስቦ ነው ጆሮዬን የቆረጠው? ሽቦውን መሀረባቸው ውስጥ ቋጥረው፣ አዲሱን ስልክ ቦርሳቸው ውስጥ ከተው፣ ከሕንጻው ሥር ወደ ስልክ ጠጋኙ ሄዱ። ጠጋኙን ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ ነጭ ጋውን ስለሚለብስና ያልዳነ ስልክ ሲመልስ እግዜር ያጽናችሁ ስለሚል ነው። ሱቁ ከደረጃ ሥር የተወሸቀ የልብስ ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ነው፤ እሱ ሲቀመጥ ጉልበቱ ውጭ ያድራል። ስልኩን ተቀብሎ ገለበጠው።

"ቀዳዳውን አጣሁት፣ ዶክተር።"

"ነፍስ ይማር፣ እማማ። ቀዳዳ እኮ ሞቷል። እርስዎ ለቅሶ ሳይደርሱ ቀርተው ነው እንጂ ከተቀበረ ቆይቷል።"

ለምን ሞተ ቢሉት፣ አምራቾቹ ውሃ እንዳይገባበት ነው እንደሚሉ፣ እሱን ከጠየቁት ግን የሰው ገንዘብ እንዲወጣ ነው፣ ውሃውማ ቀድሞም ገብቶ አያውቅም አላቸው። መሐል የሚገባ ማገናኛ እንዳለ፣ ዋጋው ደህና ጫማ እንደሚገዛ፣ አሁን ያለው ለሙከራ የሚጠቀምበት አሮጌ ብቻ እንደሆነ፣ ነገ ከሰዓት አዲስ እንደሚመጣለት ነገራቸው። እስቲ በአሮጌው ልሞክርልዎ አለ፤ ሽቦአቸውን ከመሀረቡ ተቀብሎ ሰካው፣ ፍሬዎቹን በገዛ እጁ ጆሯቸው ውስጥ ከተተላቸው፣ የስልኩን ፊት ነካ ነካ አደረገ።

ድምፅ ገባ። አንድ ሰውዬ የአየር ጠባይ ይናገራል፤ ከራስ ቅላቸው ውስጥ ሆኖ ነው የሚናገረው። መንገዱ ጠፋ። መኪናው ያልፋል፣ ድምፅ የለውም፤ አንዲት ሴት ከበስተኋላቸው መጥታ ታክካቸው አለፈች፣ መምጣቷን አልሰሙም። ዶክተር አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይስቃል፤ ምን እንደሚል አይታወቅም። ስንት ጊዜ ያ ፍሬ ጆሯቸው ውስጥ ሲኖር ድምፅ ኖሮበት አያውቅም ነበርና፣ ሰው እንዲህ ሆኖ መደንቆር እንደሚችል ረስተውት ኖረዋል። በሁለት እጃቸው መንጭቀው አወጡት።

"ድምፅ የሌለው የለም?" አሉ፤ ሳያስቡት ከአፋቸው ወጣ።

"ድምፅ የሌለው ማዳመጫ?" ዶክተር ጉልበቱን መታ። "እማማ፣ እርስዎ እኮ ገና ልጅ ነዎት። እንዲህ ያለውን ለኔ ሚስት ነበር መግዛት።" ሲስቅ ቆየና፣ ስልኩን በጋውኑ ጠርዝ ወልውሎ መለሰላቸው። በደግነት ነው የሚናገረው፤ ሰው ከደግነቱ የተነሳ የሚናገረውን ያህል በክፋቱ አይናገርም። ስልኩ ጥሩ እንደሆነ፣ ልጃቸው አዋቂ እንደሆነ አመሰገነ። "ሰው አሁን እናት አባቱን የአረጋውያን መኖሪያ ሊያስገባ ሲል የሚገዛው ይሄን ነው። ፊቱ ሰፊ ነው፣ በምስል ለመደወል ይመቻል። ባለፈው እንኳ ያ ከላይ ያለው መሐንዲስ ለአባቱ ገዛ፤ በሳምንቱ አስገባቸው። በየቀኑ ይተያያሉ።"

እትዬ ማዞሪያ አመስግነው ሄዱ። ደረጃውን እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ቆም እያሉ ነው የወጡት፤ እያንዳንዱ በር ጀርባ ሰው እያወራ ነው፣ የሚያወራው ስለ እሳቸው ይመስላቸዋል። ቤት ገብተው በሩን ከውስጥ ሁለቴ ቆለፉት፤ ከዚያ እነማንን ከውጭ እንዳስቀሩ ሲያስቡ ነገሩ የገዛ ልጃቸው ቤት ሆነባቸውና አንዱን መልሰው ከፈቱት። በረንዳው ላይ ምራታቸው ትናንት ያጠበችው ልብስ ደርቆ ነበር። እጃቸው ሥራ ሲያገኝ ልባቸው እንደሚረጋ ያውቃሉ፤ እያወረዱ ማጠፍ ጀመሩ። የልጅቷ ሹራብ ወረደ፤ አንገቱ ውስጥ እንዳይጠፋ ስሟ የተጻፈበት ነጭ ጥብጣብ ተሰፍቷል፤ ትምህርት ቤት የሚያዘው ነው። የልጃቸው ሸሚዝ ወረደ። የእሳቸው የሌሊት ልብስ ወረደ። ሲያጥፉት ጣታቸው አንገቱ ላይ አንድ ሻካራ ነገር ነካ። ገለበጡት። ነጭ ጥብጣብ ነው፣ በጥቁር ቀለም የእሳቸው ስም፣ ቀጥሎ የአባታቸው ስም። ሹራባቸውን ገለበጡ፤ አለበት። የውስጥ ልብሳቸውን አዩ፤ አለበት። ስፌቱ ጥሩ ስፌት ነው፣ ጥንቅቅ ያለ፣ ክሩ እንዳይፋቅ በድርብ የተያዘ።

ሰው ልብሱ ላይ ስሙ የሚጻፍለት ልብሱ ከሌላ ሰው ልብስ ጋር ሲታጠብ ነው። ይህንን ለመረዳት ማዞሪያ ቤት መሥራት አያስፈልግም። እትዬ ማዞሪያ በረንዳው ላይ ባለችው ኩርሲ ተቀመጡ፤ የሌሊት ልብሱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ስማቸውን እንደማያውቁት ሰው ስም ደጋግመው አነበቡት። ማነው የሰፋው? ምራታቸው ናት። መቼ ሰፋችው? እሳቸው ሽቦውን ሰክተው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሳሉ፣ እፊታቸው ተቀምጣ የልጄን ልብስ ልስፋ ብላ መርፌ ያነሳች ዕለት ይሆናል። መርፌው ላይ ክር ያስገቡላት እሳቸው ናቸው። ጆሯቸውን ሲጠብቁ ዓይናቸውን ሳይጠብቁ ቀሩ።

ምራታቸው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣች። ልጅቷን ጎረቤት አጥንታ እንድትመጣ ልካት ነበር፤ ብቻዋን ናት። ያለወትሮዋ ጫማዋን በር ላይ በቀስታ አወለቀች። የታጠፈውን ልብስ አየች፣ እትዬ ማዞሪያን አየች፣ ሁለቱም ስለ ልብሱ ምንም አላሉም። እንዴት ዋሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምሳ በሉ፣ በልቻለሁ፤ ምሳ ግን አልበሉም፣ ማሰሮውም ይመሰክራል። ከቦርሳዋ ትንሽ ነጭ ቅርፊት አወጣች፤ ውስጡ እንደ ሁለት የባቄላ ፍሬ የተጋደሙ አሮጌ ማዳመጫዎቿ አሉበት። ጥጥ አልኮል ነክራ እያንዳንዱን ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች፣ ከሚገባው በላይ ጠረገች። ከስልክዎ ጋር ማታ እሱ ያያይዝልዎታል፣ እስከዚያ ግን ጆሮዎ ይልመዳቸው ብላ ራሷ አደረገችላቸው፤ ሻሻቸውን መልሳ ከላይ አስተካከለችው። መስታወቱ ውስጥ ምንም አይታይም። ሽቦ የለም፣ መጋረጃ የለም። የሚሰሙ ይሁኑ የማይሰሙ ከፊታቸው የሚያውቅ የለም፤ ይህ ሁለቱንም የሚያስፈራ ነገር ነው።

እትዬ ማዞሪያ መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ምራታቸው ወደ ማድ ቤት አልሄደችም። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፣ ጥጡን በጣቷ እየጠመዘዘች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሰማል። ይህች ልጅ የመናገር ችግር የለባትም፤ ካውያ እንኳ ታናግራለች። አሁን ግን ከንፈሯን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ጥጡን ወደ ሌላው እጇ አዞረች።

"እማማ" አለች። "አንድ ነገር ላጫውትዎ ፈልጌ ነበር። እሱ ሳይመጣ።"

እትዬ ማዞሪያ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አላነሱም። ከዚያ፣ ስንት ዘመን የለመደ አንገት ነውና፣ ትረካው መልካም ቦታ ላይ እንደደረሰለት ሰው ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ምራታቸው አየቻቸው። ገና ካልተያያዘ ማዳመጫ ምን ይሰማሉ ብላ አላሰበችም፤ ወይ አስባ ተወችው። "ለካ እያዳመጡ ነው" አለች ለራሷ፤ ድምፅዋ ውስጥ ከሸክም የተገላገለ ሰው እፎይታ ነበረበት። ተነሳች፣ ጥጡን ይዛ ማድ ቤት ገባች፣ ቧንቧውን ከፈተች፣ ድስት ጣደች። እትዬ ማዞሪያ እንደዳኑ ያህል ተሰማቸው።

ውሃው መፍላት ሲጀምር ጆሯቸው ውስጥ አንድ ነገር ጮኸ። ቀጭን፣ ደጋጋሚ፣ የሩቅ ደወል የመሰለ። ማድ ቤት የምራታቸው ስልክ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ነው። "ሄሎ?" አለች ምራታቸው ከግድግዳው ወዲያ። "ሄሎ" አለ ልጃቸው፣ ግን ከግድግዳው ወዲያ አይደለም፤ ከእትዬ ማዞሪያ ራስ ቅል ውስጥ ነው። አሮጌው ማዳመጫ የቆየ ጌታውን፣ የምራታቸውን ስልክ፣ አልረሳም ነበር፤ ጥሪውን ወደ ራሱ ሳበው። "ሄሎ? ሄሎ? ወይ ኔትወርክ" አለች ምራታቸው፤ ስልኩን ሳትዘጋው ስታስቀምጠው ቋ አለ፤ ድስቱ ሊገነፍል ደርሶ ክዳኑ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"አትመልሺልኝ" አለ ልጃቸው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ሆኖ ይመስላል፣ ከኋላው በር ይከፈታል ይዘጋል። "እማዬ አጠገብሽ ትሆናለች፤ ዝም ብለሽ ስሚኝ ብቻ። ጠዋት ለምን ይህን ሁሉ ገንዘብ አወጣህ ብለሽ ተቆጣሽኝ። እሺ። እማዬ እኮ ያን ሽቦ ሰክታ ምንም አታዳምጥም። ካወቅኩ ከዓመት በላይ ሆኖኛል። ስልኩ ጠፍቶ ራሷን ስትነቀንቅ አይቻታለሁ። የምንለውን ሁሉ ትሰማለች።"

እትዬ ማዞሪያ ትንፋሻቸውን ያዙ። ማንም ሳያዛቸው፣ ሳያስቡት፣ በሃያ ዓመታቸው እንደያዙት አድርገው ያዙት።

"አልነገርኩሽም፤ ምክንያቱም ጠቅሞኝ ነበር። አንቺ ፊት ለፊት እንንገራት፣ ነውር ነው ስትዪኝ፣ እኔ ነገሩን ሳሎን ውስጥ እሷ ባለችበት እንድታነሺው ዝም የምልሽ ለምን ይመስልሻል? እኔ አፍ የለኝም። ቤቷን ሸጣ የሰጠችኝን እናቴን ዓይኗን እያየሁ ውጪ ማለት አልችልም። ትስማው አልኩ። ካልፈለገች አንድ ቀን ሽቦዋን ነቅላ አልሄድም ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ነበር። እግዜርን ስጠብቅ ነበር። ዝም አለች። ስለ ነርሷ ስናወራ ዝም፣ ስለ ክፍሉ ስናወራ ዝም። ዝም ስትል ጊዜ፣ በልቧ እሺ ብላለች አልኩና ፈረምኩ።"

ማድ ቤት ክዳኑ ወደቀ። ምራታቸው ጣቷን አቃጥላ ኡፍ አለች።

"ነገ ጠዋት ነው። የዓይን ሐኪም ጋ ነው የምንሄደው እላታለሁ። ስም የሰፋሽበትን ልብስ በትንሿ ሻንጣ አድርጊልኝና መኪና ውስጥ አስገባዋለሁ። ዛሬ ማታ ስለሱ አናወራም። የዛሬውን እንድትሰማ አልፈልግም፤ ከዚህ በኋላ ብትናገር ምን አደርጋለሁ? ቀዳዳ የሌለው የገዛሁት ለዚህ ነው፤ ሽቦውን ካላየሽ ወሬውን አታነሺውም። ገባሽ? እሺ ብቻ በዪኝ።"

መንገዱ ላይ አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋ። እትዬ ማዞሪያ ሁሉንም ሰሙ፤ መኪናውን፣ ሰዓቱን፣ የማድ ቤቱን ውሃ፣ በሩቅ የሚከፈት የሚዘጋውን በር። የእሱን ዝምታ እሳቸው እምቢታ ብለው ሲተኙበት፣ የእሳቸውን ዝምታ እሱ እሺታ ብሎ ፈርሞበታል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ እነሆ ሰው በሙሉ ከነሻንጣው ገባበት። አሁንም ዝም ማለት ይችላሉ። ሕጉን ያውቁታል። ትንፋሻቸውን ትንሽ ቢያቆዩት መስመሩ ይቆረጣል፣ ማታ ልጃቸው ይመጣል፣ ማዳመጫውን ያያይዝላቸዋል፣ እሳቸውም ስለ ዓይን ሐኪሙ ሲነግራቸው እሺ ልጄ ይሉታል። ደረታቸው መቃጠል ጀመረ። እጃቸው የወንበሩን ክንድ ጨበጠ፤ ጣቶቻቸው እንጨቱ ላይ የሌለ ቀዳዳ ይፈልጋሉ።

"አለሽ?" አለ ልጃቸው። "ሄሎ? ገባሽ ወይ?"

ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ያሰቡት አልወጣም። የወጣው የጥንቱ ድምፅ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጨዋ፣ የማንም እናት ያልሆነ።

"ተገናኝተዋል" አሉ። "ይነጋገሩ።"

በመስመሩ ላይ በር ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ የተከፈተ በር የለም። ማድ ቤት ቧንቧው ቆመ። ምራታቸው በሩ ላይ ብቅ አለች፤ የተቃጠለ ጣቷን በአፏ ይዛ፣ በሌላው እጇ ስልኳን ይዛ። የስልኩ ፊት ላይ የጥሪው ሰዓት ይቆጥራል። ቁጥሩን አየች፣ ቀጥላ የእትዬ ማዞሪያን ሻሽ አየች፣ ሻሹ ጆሮ የሚሸፍንበትን ቦታ። ጣቷን ከአፏ አወጣች። መቁረጫውን ልትነካ ትችል ነበር፤ አልነካችውም።

"እማዬ?" አለ ልጃቸው። ድምፁ የስንት ዓመት ልጅ ድምፅ እንደሆነ እሳቸው ብቻ ያውቃሉ። "እማዬ፣ ሰምተሽ ነው?"

እትዬ ማዞሪያ የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁት። ረጅም ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን መስመር ላይ ያልተነፈሱት ሁሉ አንድ ላይ የወጣ ይመስላል፤ እሱም ጆሮው ውስጥ እስከ መጨረሻው ሰማው። ፍርሃታቸው ግን አብሮ አልወጣም። የሚሉትን ካሉ በኋላ ነገ ጠዋት ምን እንደሚሆን አያውቁም፤ ምናልባት ያው ሻንጣ፣ ያው መኪና ይሆናል፣ ልዩነቱ የዓይን ሐኪም አለመባሉ ብቻ ነው።

"አልሄድም አላልኩም" አሉ። "እሄዳለሁም አላልኩም። አልተጠየቅኩም፣ ልጄ። በል ጠይቀኝ።"

ከወዲያ ምንም አልመጣም። መስመሩ ግን አልተቆረጠም። ትንፋሹን የያዘ ሰው ዝምታ ከሌላው ዝምታ በምን እንደሚለይ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ጆሯቸውን አቅንተው፣ ምራታቸው በሩ ላይ እንደቆመች፣ ልጃቸው እስኪተነፍስ ጠበቁ።